ስልኩ 7 ዲግሪ እያለ ሳሩ ለምን ነጣ? ስለ ህዳር ብርድና ስለ እናትህ ቲማቲም

ሰላም ወንድሜ። መጀመሪያ አጠር አርጌ ልመልስልህ ነበር፣ ግን የእናት ልፋት ያለበት ነገር በሁለት መስመር አይመለስምና ትንሽ ታገሰኝ። ሌሎችም እንዲገባቸው ጥያቄህን ባጭሩ ላስቀምጠው። አንተ ባህር ዳር ነህ፣ እናትህ ከሐሙሲት ወደ ጉና በኩል ከፍ ብሎ ባለ መንደር ጅረት ዳር ዝቅ ያለች ማሳ ላይ ቲማቲምና ቃሪያ በመስኖ ተክለዋል፣ ከዳገቱ ላይ ደግሞ የታጨደ ጤፍ አላቸው ገና ያልተከመረ። ስልክህ የዛሬውን ለሊት 7 ዲግሪ ነው ይላል፣ ትናንትም 7 ነበር ያለው፣ እሳቸው ግን ዛሬ ጠዋት ደውለው «ሳሩ ነጭ ሆኖ አደረ፣ የቲማቲሙም ጫፍ ጠቁሯል» አሉህ። አርብ ላይ ደግሞ ስልኩ የዝናብ ምልክት አውጥቶ 40 ፐርሰንት ይላል። ማንን ልመን፣ ዛሬ ማታስ ምን ይደረግ ነው ያልከው።

እናትህን እመን። ስልኩም አልዋሸም፣ ግን እሱ የሚያወራው ስለሌላ ቦታ ነው።

ምን መሰለህ፣ በትንበያ ውስጥ «7 ዲግሪ» ሲባል የአየር ሙቀት ነው፣ ከመሬት ወደ 2 ሜትር ከፍ ብሎ የሚለካ፣ ቴርሞሜትሩም ነጭ ቀለም በተቀባ አየር በሚያስገባ ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ። የሰው ግንባር ከፍታ በለው። የእናትህ ቲማቲም ግን ከጉልበት በታች ነው፣ ሳሩማ መሬት ለመሬት ነው። ሰማዩ ጥርት ባለበት ነፋስም በሌለበት ለሊት ሳጥኑ ውስጥ ካለው ይልቅ ሳሩ ላይ ያለው 3፣ 4፣ አንዳንዴም 5 ዲግሪ ይቀንሳል። እዚህ ላይ ብቻ 7ቱ ወደ 3 ወረደልህ ማለት ነው፣ ገና ማሳው ዝቅ ያለ መሆኑን ሳንቆጥር።

ሁለተኛው ነገር ጣና ነው። ስልክህ ላይ ያለው አፕ እዛ ማሳ ላይ ሴንሰር የለውም፣ አለምን በፍርግርግ ከፋፍሎ ከሚያሰላ ሞዴል ነው የሚወስደው። የአውሮፓው ሞዴል አንዱ ካሬ በግምት 9 ኪሎሜትር ነው፣ ብዙ ነፃ አፖች የሚጠቀሙት የአሜሪካው ጂኤፍኤስ ደግሞ ለህዝብ የሚለቀቀው በ28 ኪሎሜትር ገደማ ነጥብ ነው። አስበው እስቲ፣ በኛ አገር 28 ኪሎሜትር ውስጥ ሐይቅም ሜዳም ገደልም ተራራም አለ! አንተ ደግሞ አፑ ላይ የፃፍከው ባህር ዳር ብለህ ነው። ባህር ዳር ወደ 1800 ሜትር ከፍታ ላይ ሐይቁ አፍ ላይ የተቀመጠ ከተማ ነው። ጣና 3000 ስኩዌር ኪሎሜትር የሚያህል ውሃ ነው፣ ጥልቅ አይደለም፣ በጣም ጥልቅ የሚባለው ቦታ ራሱ 14 ሜትር አካባቢ ነው፣ ቢሆንም ቀኑን ሙሉ የጠጣውን ፀሐይ ለሊት ቀስ እያለ ይመልሰዋል። ዘጌም ሆነ ባህር ዳር ሐይቁን ታቅፎ ነው የሚያድረው። የእናትህ መንደር ያን አያገኝም፣ ከሐይቁ ርቋል፣ ከፍታውም ጨምሯል።

ሦስተኛውና ዋናው ግን ጉድጓዱ ነው፣ ማሳዋ ያለችበትን ዝቅ ያለ ቦታ ማለቴ ነው፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይበት ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ሁላችንም ከፍታ ሲጨምር ብርድ ይጨምራል ብለን ነው ያደግነው፣ እውነት ነው፣ በአማካይ በ1000 ሜትር 6 ዲግሪ ተኩል ገደማ ይቀንሳል። በህዳር ለሊት ግን ትንሽዬ ሸለቆ ውስጥ ይሄ ይገለበጣል። ፀሐይ ስትጠልቅ መሬቱ ሙቀቱን ወደ ሰማይ መልቀቅ ይጀምራል፣ በክረምት ደመናውና እርጥበቱ እንደ ብርድ ልብስ ሆኖ ይመልስለታል፣ በህዳር ግን ከአረቢያ በኩል የሚመጣው የሰሜን ምስራቅ ደረቅ ነፋስ ሰማዩን ጠርጎት ስለሚሄድ ከላይ የሚመልስ ነገር የለም። መሬቱ ይበርዳል፣ መሬቱን የነካው አየር ይበርዳል፣ የበረደ አየር ደግሞ ከባድ ነው። ከባድ ነገር ምን ያደርጋል፣ ቁልቁል ይወርዳል። ልክ እንደ ውሃ ዳገቱን ይዞ ወርዶ ጅረቱ ዳር ይተኛል፣ አጥር ወይ ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ካገኘ ደግሞ ከበላዩ እንደ ኩሬ ይጠራቀማል። አባቶቻችን ቤታቸውን ወንዙ ዳር ሳይሆን ወገብ ላይ የሚሰሩት አንዱም በዚህ ይመስለኛል። እንግዲህ ጤፉ ያለበት ዳገት ላይ 6 ዲግሪ ሆኖ ከታች ቲማቲሙ ጋ 1 ቢሆን ምንም አይገርምህ።

ይሄን በዓይንህ ማየት ከፈለክ በህዳር ሚካኤል ሰሞን ቆሻሻ ሲቃጠል ጭሱን ልብ በለው። ትንሽ ወደ ላይ ይወጣና ኮርኒስ እንደነካ ሁሉ ጠፍጣፋ ሆኖ ይዘረጋል፣ እዛው ቁጭ ይላል። ከላይ ያለው አየር ከታቹ ስለሚሞቅ ነው መውጣት ያቃተው። ያ ጭስ የቆመበት ቦታ የብርዱ ኩሬ ክዳን ነው።

እኔ ይሄን የተማርኩት ከመፅሐፍ ብቻ ቢሆን ደስ ባለኝ። የአየር ትንበያ ስራ በጀመርኩ ሰሞን አንዲት እናት የጠቆረ የቃሪያ ቅጠል በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው መጡ፣ ፈተው ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፉትና «6 ነው ብለህ አልነበር እንዴ ልጄ» አሉኝ። አልተቆጡም፣ ያ ነው የከበደኝ። በማግስቱ ለሊት ሁለት ቴርሞሜትር ይዤ ሄድኩ፣ አንዱን በቁመቴ ልክ አንጠለጠልኩት፣ አንዱን ሳሩ ላይ አጋደምኩት። ንጋት 12 ሰዓት ላይ በባትሪ ሳነበው የላይኛው 6፣ የታችኛው 1 ተኩል። ከዛ ጎን አንድ ዋርካ ነበረች፣ ጥላዋ ስር ያለው ሳር ጤዛ እንኳ አልያዘም፣ ሁለት እርምጃ ወጣ ስትል ግን እግሬ እስኪርስ ጤዛ ነው። ዛፏ ሰማዩን ስለከለለችው ብቻ። ከዛን ቀን ወዲህ ለገበሬ ቁጥር ብቻውን ሰጥቼ አላውቅም።

እሺ ወደ ዛሬ ማታ እንምጣ። ይሄን የምፅፈው ማክሰኞ አመሻሽ ላይ ነው። ከሰዓት የሜቲዮሳትን፣ የአውሮፓውን የአየር ሁኔታ ሳተላይት፣ ምስል አይቻለሁ፣ ከጣና እስከ ቀይ ባህር ድረስ ደመና የሚባል የለም። ስለዚህ ዛሬም ነገም ለሊት ሰማዩ ክፍት ነው፣ ነፋሱም ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ይሞታል። ግምቴ ይሄ ነው፦ ባህር ዳር ሐይቁ ዳር ከ8 እስከ 10፣ ከከተማው ወጣ ስትል ሜዳው ላይ ከ6 እስከ 8፣ እናንተ ጉድጓድ ውስጥ በሰው ቁመት ከ2 እስከ 4፣ ሳሩ ላይ ዜሮ ወይም ከዜሮ ትንሽ ዝቅ ያለ። ከሁለቱ የነገው ይብሳል ብዬ ነው የማስበው፣ አየሩ ቀን በቀን እየደረቀ ስለሆነ። ሐሙስ ከምዕራብ በኩል ስስ የላይ ደመና መግባት ይጀምራል፣ ያኔ ለሊቱ 2 ወይ 3 ዲግሪ ሞቅ ይላል።

ግን የኔ ግምት ከባህር ዳር የተገመተ ነው። እናትህ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ደጅ ወጥተው የሚያዩት ከኔ ይበልጣል፣ እና ስትደውልላቸው እንዲህ በላቸው። መጀመሪያ ኮከቡን ይዩ፣ ደማቅ ነው ወይስ ደብዘዝ ብሏል። ቀጥሎ የጎረቤቱን የማድቤት ጭስ ይዩ፣ ወደ ጎን ከተነዳ ነፋስ አለ ማለት ነው፣ ነፋስ ካለ አየሩ ስለሚደባለቅ ስጋቱ ይቀንሳል። ከዛ የቤቱን ቆርቆሮ ክዳን ጫፍ በእጃቸው ይዳብሱ። ይሄ ሦስተኛው ትልቁ ነው። ቆርቆሮው በ3 ሰዓት ረጥቦ ከተገኘ ጤዛው ቶሎ ወርዷል፣ ውሃ ጤዛ ሲሆን ሙቀት ስለሚለቅ ከዛ በኋላ ብርዱ የሚወርደው እያዘገመ ነው። ክፉው ቆርቆሮው ደረቅ፣ ኮከቡ ደማቅ፣ ጭሱ ቀጥ ያለ ሲሆን ነው። የደረቀ አየር የሚያቆመው ነገር ሳያገኝ ነው ዝቅ የሚለው፣ አንዳንዴም ነጭ ነገር ሳይታይ ቅጠሉን ብቻ አጥቁሮ ይሄዳል፣ አመዳዩን ስላላዩት ብርድ አልነበረም እንዳይሉ። ቀን ላይ ጉና ቅርብ እንዳለ ነገር ጥርት ብሎ ከታየም አየሩ ደረቅ ለመሆኑ አንድ ምልክት ነው።

ቴርሞሜትር ቢኖር ጥሩ ነበር፣ ገዝተህ ብትልክላቸው በጣም ጥሩ ነው፣ ውድ እቃ አይደለም። እስከዛው ድረስ ጠፍጣፋ ሳህን ላይ ጣት የማይሸፍን ውሃ አድርገው ከስሩ ጭድ ጎዝጉዘው ማሳው መሃል ያሳድሩት። ጭዱ የመሬቱን ሙቀት ይከለክለዋል፣ ውሃው ደግሞ በመትነን ተጨማሪ ይበርዳል፣ ስለዚህ ሳህኑ ከቅጠሉ ቀድሞ ነው በረዶ የሚይዘው። ጠዋት ላይ ስስ በረዶ ካገኙ ማሳው ከዜሮ አፋፍ ላይ አድሯል ማለት ነው፣ ወፍራም ከሆነ አልፎታል። በጣም ዝቅ የሚለው ፀሐይ ልትወጣ ስትል ነው፣ በዚህ ሰሞን ወደ 12 ሰዓት ተኩል ግድም፣ ስለዚህ በ10 ሰዓት አይተው ደህና ነው ብለው እንዳይተኙ።

አሁን ስራው። ነገ ቀን ላይ፣ ፀሐይ ሳለች፣ ከተቻለ እስከ 7 ሰዓት ባለው ማሳውን ውሃ ያጠጡት። ዋልካ መሬት ደርቆ ሲሰነጠቅ ሙቀት አይዝም፣ እርጥብ ሲሆን ግን የቀኑን ፀሐይ ይጠጣና ለሊት መልሶ ለተክሉ ይሰጣል። የውሃ ተራቸው ለሊት ከሆነ ደግሞ አይዘኑ፣ ጅረቱ ከአየሩ ይሞቃል፣ በቦዩ እየሄደ ቢያድር ይጠቅማል፣ ቅጠሉ ላይ ብቻ አይርጩት። ኩትኳቶና አረም በዚህ ሳምንት ይቅር፣ የተፈረፈረ አፈር በውስጡ አየር ስለሚይዝ ሙቀቱን አያወጣም።

ሌላ ሁሉም ሰው የሚሳሳትባት አንድ ነገር አለች፣ ጭድ። ብርድ መጣ ሲባል ሰው ጭዱን የተክሉ ስር ላይ ይጎዘጉዛል፣ አሳቢነት ነው ግን ጉዳት ነው። መሬቱን በጭድ ስትሸፍነው መሬቱ ይሞቃል፣ ተክሉ ግን ከበላይ ሆኖ የመሬቱን ሙቀት ተነጥቆ ያድራል። ጭዱ መሆን ያለበት ከተክሉ በላይ ነው። ችካል ችካል ተክለው በላዩ ላይ የማዳበሪያ ጆንያ፣ አሮጌ አንሶላ፣ ሳር የተሰራበት ሰሌን፣ የተገኘውን ያልብሱት፣ ቅጠሉን ሳይነካ፣ ጎንና ጎኑ መሬት እስኪነካ። ፕላስቲክ ብቻውን ብዙም አይረዳም፣ ሙቀቱን ያሳልፈዋል፣ ቅጠሉን ከነካው ደግሞ የነካውን ቦታ ያቃጥለዋል። ሁሉንም ማልበስ ካልተቻለ የጅረቱን ዳር ዝቅተኛውን መደብ ያስቀድሙ። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ይግለጡት፣ ፀሐይዋ መሬቱን ታሙቀው።

ኩበትና ገለባ ማጨስ የሚለውን ጠይቀኸኛል። ጭሱ ራሱ የሚከለክለው ነገር ትንሽ ነው፣ ከመሬት የሚወጣው ሙቀት ጭሱን አልፎት ይሄዳል። የሚረዳው እሳቱ ነው፣ እሱም ትናንሽ ሆኖ ብዙ ቦታ ሲሆን፣ አንድ ትልቅ እሳት ከሆነ ሙቀቱ ክዳኑን ቀዶ ወደ ላይ ይሄድና ከጎን ብርድ ይስባል። ለሁለት ጥማድ የማይሞላ ማሳ እናትህን ለሊቱን ሙሉ ጭስ ውስጥ ማስቀመጥ አልመክርም፣ ለዓይናቸውም ለደረታቸውም አይሆንም።

የጠቆረው ጫፍ ላይ ደግሞ አንድ ነገር ላጣራ። ብርድ ከሆነ በአንድ ለሊት ነው የሚመጣው፣ ከላይ ያለው ሰማይ የሚያየው ቅጠል ይጎዳል፣ ከስር የተሸሸገው አረንጓዴ ነው፣ ዝቅ ያለው መደብ ከከፍተኛው ይብሳል፣ ረፋድ ላይ ቅጠሉ የተቀቀለ ጎመን ይመስላል። በሽታ ከሆነ ግን ቀን በቀን ነው የሚሰፋው፣ ነጠብጣብ ሆኖ ይጀምራል፣ ቅጠሉን ገልብጠው ሲያዩት ከስሩ ነጭ ሻጋታ ሊኖር ይችላል፣ ለዛ የግብርና ባለሙያ ነው የሚያስፈልገው እንጂ እኔ አይደለሁም። ብርድ ከሆነ የጠቆረውን ቶሎ አይቁረጡት፣ የሞተው ቅጠል ለስሩ ልብስ ነው፣ ይሄ ብርድ አልፎ ከስር አዲስ ሲያቆጠቁጥ ያኔ ይቆረጣል።

ጤፉ። ጤፉ ከበሰለ ብርዱ አይነካውም፣ የሱ ጠላት ዝናብ ነው። 40 ፐርሰንት ማለት ቀኑን 40 ከመቶ ይዘንባል ወይ መሬቱን 40 ከመቶ ያረጥባል ማለት አይደለም፣ እንደዛ ያለ ሰማይ አስር ጊዜ ቢመጣ አራቱን ጊዜ ዝናብ ያመጣል እንደማለት ነው፣ እሱም ሞዴሉ ልክ ከሆነ። በበጋ የሚመጣ ዝናብ ከሜዲትራኒያን በኩል ወደ ደቡብ የሚወርድ ቀዝቃዛ የላይ አየር ከደቡብ ምዕራብ እርጥበት ጋር ሲገናኝ የሚመጣ ነው፣ አንድ ቀን የመቅደም አንድ ቀን የመዘግየት ፀባይ አለው። እኔ የማደርገው ምንድነው፣ ቀኑ ባለበት ይፀናል ወይ የሚለውን ነው የማየው። ሰኞ ስታይ አርብ፣ ማክሰኞ ስታይ አርብ፣ ረቡዕም ስታይ አርብ ካለህ እመነው። አንዴ አርብ አንዴ እሁድ አንዴ ምንም ካለህ ሞዴሉ ራሱ አላወቀውም። እስካሁን ሁለት ቀን ፀንቷል። ሐሙስ ማታ ጨረቃዋ ዙሪያ ቀለበት ካያችሁ ወይ ላባ የመሰለው ደመና እየወፈረ ከመጣ ነገሩ እየቀረበ ነው።

ግን እውነቱን ልንገርህ፣ ለጤፉ ይሄን ሁሉ መጠበቅ አያስፈልግም። መከመር የአንድ ቀን ስራ ነው፣ ወንፈል ከተገኘ የግማሽ ቀን፣ ዝናብ ባይመጣ የሚጎዳ ነገር የለም፣ ቢመጣ ግን መሬት ላይ የተኛው ነዶ ቀለሙን ያጣል፣ ይረግፋል፣ ሲብስም ይበቅላል። ይህን ያህል ሲለያይ 40 ፐርሰንት ብዙ ነው፣ 20ም ቢሆን ከምሩ ነበር የምለው። ሐሙስ ጤዛው ካለፈ በኋላ ከረፋዱ 4 ሰዓት ጀምሮ ይሁን፣ እርጥብ ነዶ ከተከመረ ውስጡ ይግላል። ዛላው ወደ ውስጥ፣ አናቱ ሾጠጥ ብሎ ውሃ የሚያወርድ፣ ከስሩም ድንጋይ ወይ እንጨት ተረብርቦበት፣ እሱን እንኳን እነሱ ከኔ በላይ ያውቁታል።

አንድ የማስጠነቅቅህ አለ። አርብ ደመናው ሲመጣ ለሊቱ ሞቅ ይላል፣ ሰውም ብርዱ ሄደ ብሎ ልብሱን ከቲማቲሙ ላይ ያነሳል። ደመናው ሲገፈፍ ከኋላው የሚገባው አየር ነው ብዙ ጊዜ ከሁሉ የሚከፋው። ስለዚህ ቅዳሜና እሁድ ለሊት ሰማዩ ከተከፈተ ጆንያው ይመለስ። በጎ ጎኑ፣ ዝናቡ ጥቂትም ቢሆን ከጣለ መሬቱ ስለሚርስ የመጀመሪያዋን ለሊት ትንሽ ያግዛቸዋል።

ሌላው ከቲማቲሙ የሚበልጠው ነገር፣ እናትህ በዚህ ብርድ ከሰል ቤት አስገብተው በር ዘግተው እንዳይተኙ። የከሰል ጋዝ አይሸትም አይታይም፣ ተኝቶ ያለ ሰው አይሰማውም። ፍሙ ከነማንደጃው ደጅ ይውጣ፣ ከዛ ነው መተኛት። ዛሬ ስትደውል ከሁሉ በፊት ይሄን ንገራቸው።

ነገ ጠዋት የሳህኑን ውሃ አይተው ምን እንደሆነ ቆርቆሮውም በ3 ሰዓት እርጥብ ወይ ደረቅ እንደነበር ፃፍልኝ፣ በሱ አስተካክዬ የነገውን ለሊት ከመምሸቱ በፊት እነግርሃለሁ። የአርቡን ዝናብ ደግሞ ረቡዕ ማታ አዲሱ ስሌት ሲወጣ አይቼ እመለስበታለሁ።